የውስጥ ሞደምና የኮም ፖርት ጣጣ፦ ከጃምፐር እስከ ዳያል ቶን

ባለፈው ሰሞን ቸርችል ጎዳና አካባቢ ቢሮ ያላቸው አንድ ጠበቃ ደወሉልኝ። የድሮ ደንበኛዬ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ፋክሴ ታመመብኝ» አሉኝ። ፋክስ የሚሉት የፋክስ ማሽን አይደለም። ጥግ ላይ የተቀመጠ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደ ፔንቲየም ነው። ዊንዶውስ 98 ነው ያለው። ሆዱ ውስጥ የስልክ ሞደም አለ፤ ደብዳቤ የሚልኩትም የሚቀበሉትም በእሱ ነው። ክረምት ላይ መብረቅ ሞደሙን አቃጠለባቸው። ምናለሽ ተራ ሌላ ካርድ ተገኘ፣ የጎረቤት ልጅ ገጠመላቸው። ከዚያ ወዲህ ፋክስ ሊልኩ ሲሉ ማውዙ ድርቅ ይላል።

ማውዙ ድርቅ ይላል ሲሉኝ በሽታውን ሳላየው አወቅሁት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፒያሳ፣ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ብዙ በማይርቅ አንድ ኢንተርኔት ቤት ስሠራ በዚሁ ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ተቃጥያለሁ። ባለቤቱ ሞደሙ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ገዛ። ሌላውም ያው ሆነ። ሞደሞቹ ግን ምንም አልሆኑም ነበር።

እንዲህ ያለ ማሽን አሁንም እጃችሁ ላይ ካለ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ለፋክስ ይሁን፣ በቢሮ ስዊችቦርድ (የውስጥ ስልክ ማከፋፈያ) በኩል ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር ለማገናኘት ይሁን፣ ወይ ለናፍቆት ብቻ፣ ሥራው አንድ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር

የውጭ ሞደም በገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ይሰካል፤ እዚያ ያለውን ኮም ፖርት፣ ማለትም ሲሪያል ፖርት የሚባለውን የመረጃ መግቢያና መውጫ በር፣ ይጠቀማል። የውስጥ ሞደም እንደዚያ አይደለም። ካርዱ የራሱን ሲሪያል ፖርት ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሞደም ስትገጥሙ ሁለት ነገር ነው የምትገጥሙት፤ ሞደሙንና አንድ አዲስ ኮም ፖርት። ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ ከድሮውም ሁለት አሉ፤ ኮም 1 እና ኮም 2። አዲሱ እንግዳ የት ይረፍ? ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

እያንዳንዱ ፖርት ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው አይአርኪው የሚባለው የጥሪ መስመር። የተለመደው ድልድል ይህን ይመስላል፦

ኮም 1፦ አድራሻ 3ኤፍ8፣ አይአርኪው 4
ኮም 2፦ አድራሻ 2ኤፍ8፣ አይአርኪው 3
ኮም 3፦ አድራሻ 3ኢ8፣ አይአርኪው 4
ኮም 4፦ አድራሻ 2ኢ8፣ አይአርኪው 3

አድራሻዎቹ አራቱም የተለያዩ ናቸው። አይአርኪዎቹን ግን እዩአቸው። 1 እና 3 አንድ መስመር ላይ ናቸው፤ 2 እና 4ም እንዲሁ።

የድሮ የአራት ኪሎ ግቢ አስቡ። ሦስት አራት ቤተሰብ ይኖርበታል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁጥር አለው፤ የውጭው በር ደወል ግን አንድ ነው። አድራሻው የቤት ቁጥሩ ነው፤ አይአርኪው ደወሉ። አይኤስኤ በሚባሉት የድሮ ካርዶች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኮምፒውተሩ የሚሰማው ደወሉ መጮህ ሲጀምር ብቻ ነው። አንዱ ጣቱን ደወሉ ላይ እንዳደረገ ከቆየ፣ ሁለተኛው ቢጫን የሚሰማው የለም። የጋሼ ማውዝ ኮም 1 ላይ ነው። ልጁ ሞደሙን ኮም 3 ላይ አድርጎታል። ሞደሙ እስኪነሳ ድረስ ሰላም ነው። ሲነሳ ደወሉን ይይዛል፣ ማውዙም በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ካርዳችሁን እወቁት

ኮምፒውተሩን አጥፉ፤ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። የስልኩንም ገመድ ንቀሉ፤ ስልክ ሲጠራ በመስመሩ የሚመጣው ቮልቴጅ ጣት ይነዝራል። ሽፋኑን በካቻቢቴ ፍቱ። ካርድ ከመንካታችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ብረት ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ቺፕ ይገድላል። አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጥረጉት፤ በአፋችሁ አትንፉት፣ ምራቅ ይሄዳል።

አሁን ካርዱን እዩት። ረጅም ጥቁር ስሎት ላይ ከተሰካ አይኤስኤ ነው። አጭር ነጭ ስሎት ላይ ከሆነ ፒሲአይ። አይኤስኤ ከሆነ ጃምፐር ፈልጉ፤ ማለትም ጥንድ ጥንድ ሆነው የቆሙ ትንንሽ መርፌዎችና በላያቸው የሚለበስ ጥቁር ኮፍያ። አጠገባቸው በደቃቅ ጽሑፍ ኮም 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና የአይአርኪው ቁጥሮች ታትመው ታገኛላችሁ። ጃምፐር ከሌለው ወይም ጃምፐሮቹ መሃል «ፒኤንፒ» የሚል ምርጫ ካለ ፕለግ ኤንድ ፕሌይ ነው፤ ራሱን ለኮምፒውተሩ ያስተዋውቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ካርዱ ላይ ቺፑ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነና ስሙ ላይ «ዊንሞደም» የሚል ካለ፣ እሱ እውነተኛ ሲሪያል ፖርት የለውም። የሞደሙን ሥራ የሚሠራው የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ነው፤ ፖርቱንም የሚፈጥረው ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ከጠፋባችሁ ካርዱ ጌጥ ነው። ዶስ ላይ አይሠራም፤ ሊኑክስ ላይም ብዙውን ጊዜ ያንከራትታል። እኔ ብሆን ምናለሽ ተራ ሄጄ ሁለቱን ጎን ለጎን ባገኝ፣ ፍጥነቱ ቢያንስም ጃምፐር ያለውን አሮጌ ካርድ እመርጣለሁ።

ማን የት እንደተቀመጠ ቁጠሩ

ካርዱን ለጊዜው አውጡትና ኮምፒውተሩን አስነሱ። ዊንዶውስ 98 ላይ ኮንትሮል ፓነል፣ ሲስተም፣ ከዚያ ዲቫይስ ማናጀር ግቡ። ከላይ ያለውን «ኮምፒውተር» የሚለውን ሁለቴ ብትጫኑት የአይአርኪዎቹን ዝርዝር ከ0 እስከ 15 ያሳያችኋል። ወረቀት ላይ ገልብጡት። 1 ኪቦርድ ነው፤ 6 ፍሎፒ፤ 8 ሰዓቱ፤ 14 እና 15 ሃርድ ዲስክና ሲዲ። 7 ብዙ ጊዜ የፕሪንተሩ ነው። 5ን ሳውንድ ካርድ ይወደዋል። 12 ክብ መሰኪያ ያላት ፒኤስ 2 ማውዝ ካላችሁ የእሷ ነው።

እዚህ ጋ ማውዛችሁን አረጋግጡ። ባለ 9 መርፌ ሰፊ ሶኬት ላይ ከተሰካ ሲሪያል ማውዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኮም 1 ላይ ይሆናል። ይህን ሳያይ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር) ገብቶ ፖርት የሚዘጋ ሰው ማውዙን ራሱ ይዘጋል። ደርሶብኛል።

ቦታ አስለቅቁ

ብዙ መመሪያ ሞደሙን ኮም 3 ወይም 4 ላይ አድርጉት ይላል። እኔ አልስማማም። ኮም 3 ከማውዙ ጋር ያጣላል። ኮም 4 ደግሞ ደወሉን ከኮም 2 ጋር ይጋራል፤ በዚያ ላይ 2ኢ8 የሚለውን አድራሻ አንዳንድ ቪዲዮ ካርዶች፣ በተለይ ኤስ3 ቺፕ ያላቸው፣ ለራሳቸው ይጠቀሙበታል። ሲጋጩ ስክሪኑ ይዝረከረካል ወይ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አይነሳም።

ንጹሑ መንገድ ይህ ነው። የማዘርቦርዱ ኮም 2 ላይ የተሰካ ነገር ከሌለ ዝጉትና ቤቱን ለሞደሙ ስጡት። ኮም 2፣ 2ኤፍ8፣ አይአርኪው 3። ማንም አይጋራውም፤ ሁሉም ፕሮግራም ያውቀዋል።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ባዮስ ይከፈታል። «ኢንተግሬትድ ፔሪፈራልስ» የሚል ገጽ ውስጥ የሲሪያል ፖርት 2 ምርጫ አለ። «ዲሴብልድ» አድርጉት። ፖርት 1ን አትንኩ። ጃምፐር ያለው ካርድ ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራል። «ፒኤንፒ» እና «ፒሲአይ» የሚል ገጽ ውስጥ አይአርኪው 3ን «ሌጋሲ አይኤስኤ» በሉት። ይህን ካላደረጋችሁ ባዮሱ መስመሩ ነጻ መስሎት ለሌላ ካርድ ሊሰጠው ይችላል። አስቀምጡና ውጡ።

ኮም 2 ተይዟል እንበል፤ የባርኮድ ማንበቢያ ወይ ሌላ ነገር ተሰክቶበታል። ያኔ ኮም 3ን ውሰዱ፤ አይአርኪውን ግን ከ4 ወደ 5 ቀይሩት። ሳውንድ ካርድ ካለ 5ንም ታጡታላችሁ። ያኔ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ እኔ ሳውንድ ካርዱን ነው የማወጣው። ጋሼ ዘፈን ሊሰሙበት አይደለም።

ጃምፐሩን አሳምሩ፣ ካርዱን ስኩ

ኮምፒውተሩን መልሳችሁ አጥፉ። ጃምፐሩን በጣት ሳይሆን በወረንጦ ያዙት፤ ወድቆ ማዘርቦርዱ ሥር ከገባ ፍለጋው ከሥራው ይረዝማል። በካርዱ ላይ ሁለት ቦታ ነው የምትነኩት፦ የኮም ቁጥሩንና የአይአርኪውን። አንዱን ቀይረው ሌላውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። የጋሼ ካርድ ላይ የኮም ጃምፐሩን ወደ 2 ሳመጣ የአይአርኪው ጃምፐር 4 ላይ ነበር፤ እሱንም ወደ 3 ወሰድኩት።

ካርዱን ስሎቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑ። ግማሹ ገብቶ ግማሹ እንዳይቀር በጎን ተመልከቱ። ብሎኑን ሳታስሩ አትተዉት፤ የስልክ ገመዱ በተጎተተ ቁጥር ካርዱ ይነቃነቃል።

ዊንዶውስን አሳምኑት

ዊንዶውስ የድሮውን ሞደም አይረሳም። ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ አስነሱት፤ ሲነሳ ኤፍ 8 ስትጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ነው። ዲቫይስ ማናጀር ገብታችሁ «ሞደም» ሥር ያለውን የሞተ ሞደም፣ «ፖርትስ» ሥር ደግሞ የማታውቁትን ወይም ሁለት ጊዜ የተጻፈውን ፖርት ሰርዙ። ከዚያ በመደበኛው መንገድ አስነሱት።

ጃምፐር ያለው ካርድ ራሱን አያስተዋውቅም። «አድ ኒው ሃርድዌር» ብላችሁ ዊንዶውስ እንዲፈልግ አድርጉት። መጀመሪያ ፖርቱን ያግኝ፤ ሞደሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፖርቱ ሲገኝ ሁለቴ ተጭናችሁ «ሪሶርስስ» የሚለውን ገጽ ክፈቱ። 2ኤፍ8 እና 3 ካለ ጨርሳችኋል። ሌላ ቁጥር ካሳየ «ዩዝ አውቶማቲክ ሴቲንግስ» የሚለውን ምልክት አንሱና በእጃችሁ አስተካክሉት። ከታች የግጭት ማሳያ ሳጥን አለ፤ ባዶ መሆን አለበት። ለፖርቱ ኮም 5 የሚል ስም ከሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አድራሻው ከላይ ከጻፍኳቸው አራቱ ውጭ ስለሆነ ነው፤ ጃምፐሩን እንደገና እዩት።

ፒሲአይ ካርድ ከሆነ ይህን ሁሉ እርሱት። አድራሻና አይአርኪው የሚያድለው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ፒሲአይ ደግሞ ደወል መጋራት ይችላል። ድራይቨሩን ጫኑና የሰጣችሁን የኮም ቁጥር ተቀበሉ።

ፍጥነትና ፊፎ

«ፖርት ሴቲንግስ» ውስጥ ፍጥነቱን በሰከንድ 115200 ቢት አድርጉት። ሞደሜ 33600 ነው፣ ለምን እዚህ 115200? ይላል ሰው። ሞደሙ ሲልክ ጽሑፉን ያምቀዋል፤ ሲቀበል ይፈታዋል። የተፈታው ወደ ኮምፒውተሩ የሚገባበት በር ከስልክ መስመሩ መስፋት አለበት። ከ115200 በላይ ለምን እንደማይሄድ ካሰባችሁ፣ የዚህ ፖርት ሰዓት በሰከንድ 1,843,200 ጊዜ ይመታል፤ ለ16 ሲካፈል 115,200 ይመጣል። ጣሪያው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ፊፎ፤ የፖርቱ ቺፕ ፊደል የሚያጠራቅምበት ማቆያ ነው። አንድ ፊደል በመስመሩ ላይ 10 ቢት ይወስዳል። በ115200 ፍጥነት በሰከንድ 11,520 ፊደል ይገባል ማለት ነው፤ በየ87 ማይክሮሰከንዱ አንድ። 8250 እና 16450 የሚባሉት የድሮ ቺፖች መያዝ የሚችሉት አንድ ፊደል ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በ87 ማይክሮሰከንድ ውስጥ መጥቶ ካልወሰደው የሚቀጥለው ይደርብበታል፤ የፋክሱ መስመር ተቆርጦ የሚወጣው አንዳንዴ ከዚህ ነው። 16550ኤ የሚባለው ግን 16 ፊደል ያጠራቅማል። ከ87 ማይክሮ ወደ 1.4 ሚሊሰከንድ ገደማ ፋታ ያገኛል። ስለዚህ «ዩዝ ፊፎ» የሚለው ምልክት የተደረገበት መሆኑን አረጋግጡ። ማሽኑ ደካማ ሆኖ ፊደል የሚጥል ከሆነ የመቀበያውን ማንሸራተቻ ትንሽ ወደ ግራ ሳቡት። ኮምፒውተሩ ቶሎ ቶሎ ይጠራል፣ ግን አይዘገይም።

ሊኑክስ ለምትጠቀሙ

ባጭሩ፣ ሊኑክስ ፖርቶቹን ቲቲዋይኤስ ይላቸዋል። ቲቲዋይኤስ 0 ማለት ኮም 1 ነው፤ 1 ማለት ኮም 2፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የጃምፐር ካርድ ከሆነ «ሴትሲሪያል» በሚባለው ትእዛዝ አድራሻውን፣ አይአርኪውንና የቺፑን ዓይነት ትነግሩታላችሁ። ሴትሲሪያል ሃርድዌሩን አይቀይርም፤ ሃርድዌሩ የት እንዳለ ለሲስተሙ መንገር ብቻ ነው። ሞደሙን «ሚኒኮም» በሚባለው ፕሮግራም ፈትኑት።

ፈትኑት

ዊንዶውስ ላይ ሃይፐርተርሚናል የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ስልክ ቁጥር ሲጠይቃችሁ ተዉትና «ዳይሬክት ቱ ኮም 2» የሚለውን ምረጡ። ኤ እና ቲ ጽፋችሁ ኢንተር ተጫኑ። ሞደሙ «ኦኬ» ካለ እፎይ በሉ።

ካላለ ዝምታውን አንብቡት። የጻፋችሁት ፊደል ጭራሽ ካልታየና ምንም መልስ ከሌለ አድራሻው ስህተት ነው፤ የተሳሳተ ቤት እያንኳኳችሁ ነው። ፊደሉ ከቆየ በኋላ፣ ምናልባት ከብዙ ሰከንድ በኋላ፣ በግርግር አንድ ላይ ዱብ ካለ ደግሞ አድራሻው ትክክል ነው፤ ደወሉ ነው የተሳሳተው። ኮምፒውተሩ ጥሪውን አይሰማም፤ አልፎ አልፎ ራሱ ብቅ ብሎ ሲያይ ነው የሚያገኘው። ማውዙ ከደረቀ የአይአርኪው ግጭት ነው፤ ወደ ጃምፐሩ ተመለሱ።

«ኦኬ» ካለ በኋላ ኤቲ እና ኤፍ፣ በመሃላቸው የ«እና» ምልክቷን (&) አድርጋችሁ ጻፉ። ካርዱን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሰዋል፤ ያገለገለ ካርድ ከሆነ ይህን አትዝለሉ።

መስመሩ

ካርዱ ጀርባ ሁለት የስልክ ቀዳዳ አለ። «ላይን» የሚለው የግድግዳው ነው፤ «ፎን» የሚለው የስልክ ቀፎው። ማቀያየር የተለመደ ስህተት ነው።

ሞደሙ «ኖ ዳያል ቶን» (ቀፎ ሲነሳ የሚሰማው ድምፅ የለም) ካለ ቸኩላችሁ ቴሌ አትሂዱ። ቀፎውን አንሱና ስሙ። ድምፁ ካለ ሞደሙ ያንን ድምፅ አላወቀውም ማለት ነው፤ በተለይ ከስዊችቦርድ ጀርባ ስትሆኑ ያጋጥማል። ኤቲ ኤክስ 3 ጻፉ። ዳያል ቶን ሳይጠብቅ ይደውላል፤ መስመሩ ተይዞ ከሆነ ግን አሁንም ይነግራችኋል። ወደ ውጭ ለመውጣት 9 ወይም 0 የሚደወልበት ቢሮ ከሆነ፣ ከቁጥሩ በፊት እሱንና ኮማ ጨምሩ። አንድ ኮማ ሁለት ሰከንድ ያህል ቆም ይላል።

አድራሻ መዝገቡ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮችም እዩአቸው። የጋሼ ግማሾቹ ገና ባለ 6 አሃዝ ነበሩ። የአዲስ አበባ ቁጥር 7 አሃዝ ከሆነ ስንት ዘመኑ!

መስመሩ የሚንጫጫ ከሆነ የፋክሱን ፍጥነት ከ14400 ወደ 9600 አውርዱት። ገጹ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቆረጥም። በዚያው መስመር ኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት) ካለ ከሞደሙ በፊት ማጣሪያዋን ስኩ።

ክረምት ላይ ደግሞ ሥራ ሲያልቅ የስልኩን ገመድ ንቀሉ። ስታቢላይዘር ገዝቻለሁ አትበሉ። ስታቢላይዘሩ የሚጠብቀው የመብራቱን በር ነው፤ መብረቁ በስልኩ በር ነው የሚገባው። የጋሼን የመጀመሪያ ሞደም አይቼዋለሁ፤ ከስልኩ ቀዳዳ አጠገብ ያለው ክፍል ጥቁር ብሎ ነበር፣ ሌላው እንዳለ ነው።

ጋሼ ዘንድ ሥራው አንድ ሰዓት አልፈጀም፤ ግማሹ አቧራ መጥረግ ነበር። ከመዝጋቴ በፊት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ኮም 2፣ 2ኤፍ8፣ አይአርኪው 3፣ ባዮስ ውስጥ ፖርት 2 ተዘግቷል፣ ኤክስ 3» ብዬ ጻፍኩና በሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል በፕላስተር ለጠፍኩት። እናንተም ለጥፉ፤ የሚቀጥለው ሰው ሽፋኑን ሲከፍት ያገኘዋል።